በቀይ ቀናት መሃል

የካቲት 3

እንደወትሮው። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ በር ላይ የፍተሻ ሰልፍ። ቦርሳ፣ ቦርሳ፣ አሁንም ቦርሳ። አንዷ መዶሻ ይዛ መጣች። ስድስተኛ ፎቅ ላይ መዶሻ ምን ይሠራል? "የጫማዬ ምስማር እየወጣ አስቸግሮኝ ነው" አለች። ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አየሁ። እውነቷን ነው። ቢሆንም መዶሻውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ስትወጣ ሰጠኋት። በወንዶቹ በኩል የሚፈትሸው ሻምበል "አንቺ እኮ የወለደችሽንም ሳትፈትሺ አታሳልፊም" ብሎ ሳቀብኝ። (ሻምበል የምንለው ለቀልድ ነው። የጦር ሰፈር በሩቁም አያውቅ።) አላሳልፋትማ! አሥራ አራት ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜ የተማርኩት እሱን ነው።

ወገቤን ይዞኛል። መቆሙ ነው... ሌላ ምን ይሆናል።

የካቲት 5

የዕረፍት ቀኔ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። መታጠቢያ ቤት፣ ከፎጣው ሥር፣ የልጄን፣ የድምቡሼን ፓንት ተሰጥቶ አገኘሁት። ለምን ከፎጣ ሥር? ውጭ ገመድ አለ፣ ፀሐይ አለ። ገልብጬ አየሁ። ታጥቧል፣ ግን በደንብ አለቀቀም። መሃሉ ላይ ቢጫ ያለ እድፍ። ደም አይደለም። የወር አበባዋማ ካለፈ ዘጠኝ ቀኑ። ሞዴስ የምገዛው እኔ ነኝ፣ ስንት እንደቀረ አውቃለሁ።

ታዲያ ምንድነው?

ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ድምቡሼ ያልናት ሕፃን እያለች ጉንጯ እጅ ስለሚሞላ ነበር። አሁን ጉንጭ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብላ አባቷን አክላለች።

ፓንቱን እንደነበረ መለስኩት። እጥፋቱ ሳይቀር። ያየሁ እንዳይመስል።

የካቲት 7

እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴን ከልጅነታችን ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ሳላስበው አወራሁላት። "ወንድ ያልነካት ልጅ ምን ያፈሳታል?" አለች። "በይ ቶሎ ንቂ። አስመርምሪያት።"

ልክ ትሆን? እኔ ራሴ በዚያ ዕድሜ... አላስታውስም። እናታችን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አፏን አልከፈተችም። የወር አበባ ሲመጣ ጨርቅ ሰጠችን፣ በቃ። ከዚያ በመሃል ስላለው ማን ጠይቆ፣ ማን ነግሮን?

እኔ በድምቡሼ ዕድሜ... ተዪው። አሁን የእኔ ጉዳይ አይደለም።

የካቲት 9

ቡናማ ነገር ዛሬም ታየኝ። የወር አበባዬ ካለቀ ሳምንቱ። ሞዴስ አድርጌ ሥራ ሄድኩ። አርባ ሦስት ሞልቶኝ የለ? የዕድሜ ነው። ማታ በሳሙና ውስጡን ሳይቀር ታጥቤ ጸዳሁ።

የካቲት 14

አገኘሁ!

ድምቡሼ ወጥታ ነበር። የጂኦግራፊ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ። ልነካው አልፈለግኩም... ውሸት ነው፣ ፈልጌያለሁ። አራገፍኩት። ከመሃሉ መድኃኒት ቤት የሚያድሉት ዓይነት የኪስ ካላንደር ወደቀ። ቀኖቹ ላይ በእስክሪብቶ ፊደል ተጽፏል። በትናንሹ።

"ቀ" የሚለው ገባኝ። አምስት ቀን ተከታትሎ ነው፣ ከሞዴሱ ቁጥር ጋር ይገጥማል። ቀይ ማለቷ ነው።

"ፈ" ደግሞ ከየካቲት 4 እስከ 7። ባለፈውም ወር እንዲሁ፣ ከቀዩ በኋላ ሳምንት አለፍ ብሎ። ፓንቱን ያገኘሁት የካቲት 5 አይደል!

"እ" ደግሞ አለ። እሱ መላ ቅጡ የለውም። የቅርቦቹ ጥር 12፣ 13። ጥር 21። የካቲት 9፣ 10።

ፈ ማነው? እ ማነው? ሁለት ናቸው? የእኔ ልጅ?

አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

የካቲት 15

ከትምህርት ቤት የተነሱትን የክፍል ፎቶ አወጣሁ። ከጀርባው ሁሉም ስማቸውን ጽፈዋል። በ"ፈ" የሚጀምር አንድ ወንድ አለ፣ ከኋላ ቆሞ ጥርሱን የሚያሳይ። በ"እ" የሚጀምሩ ሦስት ናቸው። ጥርስ የሚያሳየውን አተኩሬ አየሁት። ምኑ ነው የሚያስቀው?

እራት ላይ "የክፍላችሁ ልጆች ደህና ናቸው?" አልኳት።

"ሁሉም?" አለች።

"አዎ፣ ሁሉም።"

አባቷ ከሰሃኑ ቀና ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ። እሱ ምኑም አይገባው። ጋራዥ ውሎ ሲመጣ ጆሮው ውስጥ ሞተሩ ነው የሚጮኸው።

የካቲት 19

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ሻምበልን "ሆዴን አሞኛል፣ ሴት ከመጣች ላይኛው ፎቅ ያለችውን ፈታሽ ጥራት" አልኩት። ትምህርት ቤቱ ማዶ፣ የጫማ ጠጋኙ ጥላ ሥር ቆምኩ። ወጣች። ብቻዋን ነች። ወደ ቤት አልታጠፈችም። ልቤ!

መድኃኒት ቤት ገባች። ቆየች። በመስታወቱ አየኋት፣ ባለመድኃኒቱ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣታል፣ እሷ በጣቷ የሆነ ነገር ትቆጥርለታለች። ምን ይቆጠራል? ቀን? ክኒን?

ስትሄድ ጠብቄ ገባሁ። "አሁን የወጣችው ልጅ ምን ገዛች?"

"ምን ነሽ ለእሷ?"

"እናቷ።"

ባለመድኃኒቱ መነጽሩን አወለቀ። "ምንም አልገዛችም። የጠየቀችኝን ግን ራሷ ትንገርሽ። እኔ የሰው ጉዳይ አላወጣም።"

አላወጣም! ንጹሕ ነገር ቢሆን ምን ያስደብቀዋል?

የካቲት 20

ምንም አልጻፍኩም። ማለት ምንም አላሰብኩም። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም ማለቴ ነው።

የካቲት 27

ተጣላን።

ከትምህርት ቤት ገባች። በሩ ላይ ቆሜ "ቦርሳሽን" አልኳት። የሥራ ቦታ ድምፄ ነበር፣ ለራሴም ታወቀኝ። ቦርሳውን ሰጠችኝ። የፊቱን ኪስ ከፈትኩ፣ የኋላውን፣ ከሥሩ ያለውን። እርሳስ፣ ማስቲካ፣ ሞዴስ አንድ። ምንም።

"እማ፣ ቤቴ ነው የገባሁት እኮ" አለች። "ሥራ ቦታሽ አይደለም።"

"ፈ ማነው?" አልኩ።

"ምን?"

"ፈ! እ! የጻፍሻቸው!"

ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። "ካላንደሬን አየሽ?"

"እናትሽ ነኝ፣ አያለሁ።"

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏ ግን የሚስቅ ሰው ይመስላል። አባቷ ሲቆጣ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

"ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ" አልኩ። "እነሱ ይንገሩኝ።"

"እሺ" አለች። "እንሂድ። እኔም መሄድ እፈልጋለሁ። መቼ?"

ይኸው አሁን ቁጭ ብዬ የሚከነክነኝ እሱ ነው። ለምን እሺ አለች? የሚደብቅ ሰው እሺ አይልም። ወይስ ከሁሉም የባሰው እሺ የሚለው ነው? በሩ ላይ እኮ ቦርሳውን ሳይጠየቅ ከፍቶ የሚያሳይ ሰው አለ። እሱን ነው ደግሜ የማየው።

መጋቢት 2

ከየት ልጀምር...

ጠዋት ሄድን። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ያለ ወሬ። ተራችን ደረሰ። ሲስተሯ ከእኔ ትበልጣለች፣ ፀጉሯ ነጣ ነጣ ያለ፣ እጇን ስትታጠብ የማትቸኩል ሴት። "ምን ልርዳችሁ?" አለች።

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ "ልጅቷን እዪልኝ፣ ክብረ ንጽሕናዋ መኖሩን" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ትንሽ ውጪ ቆዪ።"

ኮሪደሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። በር ላይ መቆም ሥራዬ ነው፣ እንደዛሬው ግን ከብዶኝ አያውቅም። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የድምቡሼን ሳቅ። የሚመረመር ሰው ይስቃል?

ተጠራሁ። ድምቡሼ ወንበር ላይ ናት፣ ልብሷ እንዳለ፣ ጫማዋም አልወለቀ።

"ልጅሽ ጤነኛ ናት" አለች ሲስተሯ። "የጠየቅሽኝን ግን አልመረምርም። አይቶ ሊያውቅ የሚችል ሐኪምም የለም። እንደሱ የሚታወቅ ነገር አይደለም።"

"ታዲያ ፓንቷ ላይ ያለው?"

"የአንቺ ላይ ያልነበረ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ጎረቤት። "ስሚኝ እህቴ። ከአንዱ የወር አበባ እስከ ሌላው ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። መሃል ላይ እንቁላሉ ሊለቀቅ ሲል ፈሳሹ ይበዛል። እንደ ጥሬ እንቁላል ውሃ የሚያንሸራትት፣ በጣት ሲይዙት የሚሳብ። ከዚያ ይወፍራል፣ ነጣ ይላል። ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ቢጫ ነው። መጥፎ ሽታ ከሌለው፣ ካላሳከካት፣ ካላቃጠላት ማኅፀኗ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ወንድ ነካት አልነካት ከሱ ጋር ምንም አያገናኘው።"

"ፈ ማለት ፈሳሽ ነው፣ እማ" አለች ድምቡሼ። ወለሉን እያየች። "የጤና ክበብ መምህራችን መዝግቡ ብላን ነው። ልማዳችሁን ካወቃችሁ ሲለወጥ ታውቃላችሁ ብላ።"

ፈሳሽ። እኔ ደግሞ ያንን ጥርሱን የሚያሳይ ምስኪን ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሐሳቤ ሳንገላታው!

ልስቅ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። "'እ' የሚለውስ?"

ሲስተሯ ድምቡሼን አየቻት፣ "ንገሪያት" በሚል ዓይን።

"እ... እማ ማለት ነው" አለች። "አንቺ ነሽ።"

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። ካላንደሩን ከኪሷ አወጣች። "ቅርጫት የምደፋው እኔ ነኝ። የዘፈዘፍሽውን ልብስም አያለሁ። የወር አበባሽ ሳይሆን ደም አለ፣ ወይ ቡናማ ነገር። ከጥቅምት ጀምሮ ነው የጻፍኩት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንቺን ስለዚህ መጠየቅ... መድኃኒት ቤት ሄጄ ባለመድኃኒቱን ጠየቅኩት። እኔ ክኒን አልሰጥም፣ እናትሽ መታየት አለባት አለኝ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስትይኝ እሺ ያልኩት ለዚያ ነው።" ከዚያ ወደ ሲስተሯ ዞራ "እኔን ተዪኝ ሲስተር፣ እሷን እዪልኝ" አለች።

የምፈትሸው እኔ ነኝ ስል፣ ለካ እሷ ስንት ወር ሙሉ ስታየኝ ኖራለች።

ሲስተሯ ጠየቀችኝ። ከመቼ ጀምሮ? ሽታ አለው? ከባለቤትሽ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ደም ይታይሻል? ድምቡሼን አየኋት፣ ራሷ ተነስታ ወጣች። "አዎ" አልኩ። "አንዳንዴ። ከመስከረም ጀምሮ ይመስለኛል።" ለዚህ ብዬ አባቷን ሰበብ እየፈጠርኩ እንደምሸሸው ግን አልተናገርኩም። ሲስተሯ ፊቴን አይታ ያወቀችው መሰለኝ።

"ውስጡን በሳሙና ትታጠቢያለሽ?"

"እንዲጸዳ ብዬ..."

"ተዪው። ውጪውን በውሃ ይበቃል። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፣ ሳሙናው ነው የሚያቆስለው። ደሙ ግን ከሳሙና አይመስለኝም።"

አልጋው ላይ ወጣሁ። እግር ከፍቶ መተኛት... በወለድኩ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ። መብራቱን አስጠጋች። አንድ ነገር ቀባችና ጠበቀች፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር። ዝም አለች። የፈታሽን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ። የሆነ ነገር ስናገኝ ነው እንደዚያ ዝም የምንለው።

"ምንድነው?" አልኩ።

"ሁለት ነገር አይቻለሁ። ሆስፒታል እልክሻለሁ። አትዘግዪ።"

መጋቢት 5

ሆስፒታል። ሐኪሟ ልጅ እግር ነች፣ "እናት" እያለች ነው የምታናግረኝ። የማኅፀን በር ላይ ትንሽ የሥጋ ጉጥ አለ አለች። ደሙን የሚያመጣው እሱ ነው፣ ሲነካ ይደማል፣ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። እዚያው ጠምዝዛ አወጣችው። ቁንጥጫ ያህል ተሰማኝ።

"ሌላውስ?"

"ከጎኑ ነጣ ያለ ቦታ አለ። እሱ ደም አያመጣም፣ አያምም፣ ምንም ምልክት አይሰጥም። ጉጡ ባያመጣዎት ኖሮ አናገኘውም ነበር። ከእሱም ትንሽ ቆንጥሬያለሁ። ወደ ካንሰር የሚሄድ ነገር መሆኑንና አለመሆኑን ላቦራቶሪው ይነግረናል። ሁለት ሳምንት።"

ያቺን ቃል ስትናገር አብራኝ የመጣችው ድምቡሼ እጄን ያዘችው።

ምን አመጣው ብዬ ጠየቅኩ። ቫይረስ ነው አለች፣ በግንኙነት የሚተላለፍ። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሰውነት ራሱ ያባርረዋል። አንዳንዷ ጋ ግን ተደብቆ ይቀራል። "ለልጃገረዶች ክትባት አለው" ስትል ድምቡሼ "ትምህርት ቤት ወስጃለሁ" አለች። ተመስገን።

መጋቢት 6

በግንኙነት የሚተላለፍ።

በግንኙነት... ከማን?

መጋቢት 8

የአባቷን ጃኬት ፈተሽኩ። ብሎን፣ የተጣጠፈ ጨርቅ፣ መፍቻ። ስልኩን ከፈትኩ። ደንበኞች። "ክላቹ ደርሷል ወይ?" "ነገ ና።" አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ደውላለች። ቁጥሩን ደወልኩበት፣ የፍሬን ሸራ ሻጭ ነች። "ከጋራዡ ነሽ?" አለችኝ። ዘጋሁት።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት አፍሬያለሁ። ግን አላቆምም። ማነው ያመጣብኝ?

መጋቢት 11

ለሐኪሟ ደወልኩላት፣ ስልኳን ሰጥታኝ ነበር። "ማን እንዳመጣው በምን ይታወቃል?" አልኳት።

"አይታወቅም፣ እናት። እንደሱ የሚያሳይ ምርመራ የለም። ዐሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ከባለቤትዎ ሊሆን ይችላል፣ ከእርሱም ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት። ከእርስዎም ሊሆን ይችላል።"

ከእኔ።

እንግዲህ ለማንም ያላልኩትን እዚህ ልጻፈው። ከአባቷ በፊት አንድ ሰው ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ፣ እንደ ድምቡሼ ልጽፈው ብል ፊደሉን እንኳ አልጽፍም። አምስት ወር። ጥሎኝ ሄደ። ሳገባ አልተናገርኩም፣ ስላልተጠየቅኩ። እታለም ብቻ ታውቃለች። "አስመርምሪያት" ያለችኝ እኮ ያንን እያወቀች ነው።

ድምቡሼን ሳይ የማየው ማንን ነበር? የፓንቷን እድፍ ሳገላብጥ የማንን ጥፋት ነበር የምፈልገው?

በር ላይ ስቆም ሁሌም ከውጪ የሚገባውን ነው የማየው። ከውስጥ ያለውን ማንም ፈትሺ አላለኝም።

መጋቢት 13

በምሳ ሰዓት አባቷ ጋ ጋራዥ ሄድኩ። ምግቡን ረስቶት ሄዶ ነበር። የጭነት መኪና ሥር ገብቷል፣ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። የግራ ጫማው ሶል ተላቅቋል። ባልንጀሮቹ ከፊት ለፊት ምሳ ይበላሉ። ጎማው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ምግብህን አምጥቻለሁ" አልኩ።

"አስቀምጪው፣ መጣሁ። ይቺ ብሎን..."

"አትምጣ። እዚያው ሁን፣ ልንገርህ።"

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ነገርኩት። ጉጡን፣ ነጩን ቦታ፣ ላቦራቶሪውን። ስለ ቫይረሱም። ፊቱን ባለማየቴ ነው የቻልኩት።

እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከመኪናው ሥር "እኔ እሆን እንዴ?" አለ። "ካንቺ በፊት... ሹፌር እያለሁ... አንቺን ካገባሁ ወዲህ የለም። ከዚያ በፊት ግን አለ። እኔ ከሆንኩ..."

ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም።

ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ሬዲዮ ይጮኻል። አፌን ዘግቼ ወደ ሥራ መሄድ እችል ነበር። እሱ ጥፋተኛ ሆኖ፣ እኔ ይቅር ባይ ሆኜ።

"እኔም" አልኩት።

ሃያ ዓመት የያዝኩትን በአንድ ቃል።

ከመኪናው ሥር ወጣ። ፊቱ ዘይት በዘይት። አየኝ። ምን እንደሚል ጠበቅኩ... እጁን በጨርቅ ጠራረገና ምሳውን ከፈተ፣ አንድ ማንኪያ ነው የያዝኩት፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እሱ በእጁ በላ። "ውጤቱ መቼ ነው?" አለ። "አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። እስካሁን አልጠየቀኝም። ይጠይቀኝ ይሆን? ብጠረጥረው ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ መጠርጠር እችልበታለሁ። ይህን ግን...

መጋቢት 20

ካንሰር አይደለም። ገና አይደለም።

ሐኪሟ "ሊሆን መንገድ የጀመረ ነው" አለች። "ሦስት፣ አራት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።" ያንን ቦታ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀለበት ታነሳዋለች፣ በማደንዘዣ፣ ሆስፒታል ሳልተኛ እመለሳለሁ።

አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ተደገፈ። ድምቡሼ ካላንደሯን ለሐኪሟ አሳየቻት። ሐኪሟ ፎቶ አነሳችው። "ብዙ ሴቶች መቼ እንደጀመራቸው አያውቁትም" አለች።

እኔም አላውቅም ነበር። ያወቀችልኝ ልጄ ነች።

መጋቢት 26

ተሠራ። ሩብ ሰዓት። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ያ የእኔ ሥጋ ነው አልኩ በልቤ። አላመመኝም። ለአንድ ወር ውሃማ ፈሳሽ ይኖራል፣ ቡናማም ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጪ ተባልኩ። ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ከበዛ፣ ክፉ ሽታ ካመጣ ግን በሩጫ። ከባድ ነገር አላነሳም፣ ከአባቷ ጋር ስድስት ሳምንት የለም። እሱ "እንኳን ስድስት፣ ስድሳም" አለ። በሳቅ ቁስሉ ይፈታል ብዬ ፈራሁ።

ሚያዝያ 4

ፈሳሹ እንዳሉት ነው። አሁን ራሴ እጽፈዋለሁ፣ በድምቡሼ ካላንደር ላይ። እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ዛሬ "እ" ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 17

እታለም ደወለች። ነገርኳት፣ ከሥር ከመሠረቱ። "አንቺስ?" አልኳት። "ታይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ሃምሳ አልፌ..."

"ደም ይታይሻል?"

ዝምታ። ይህንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

"እታለም። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ። አብረን ነው የምንሄደው።"

"ድምቡሼን ግን..." ብላ ጀመረች። "ያኔ ያልኩሽን... ይቅር በይኝ።"

"እሷን ጠይቂያት" አልኩ። እኔ ራሴ ገና አልጠየቅኳት።

ሚያዝያ 19

እታለም ታየች። ደህና ናት። ኢንፌክሽን ነበር፣ መድኃኒት ሰጧት። ስትወጣ ጠንካራዋ እህቴ ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ስድስት ዓመት ፈርታ ተቀምጣ ነበር። ስድስት ዓመት!

ማታ ድምቡሼን ይቅርታ ጠየቅኳት። ልብስ እያጠፍን። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ "ቦርሳሽን መፈተሼ" ብዬ ጀመርኩ፣ እሱ ትንሹ ነው፣ ግን ከዚያ ቀጠልኩ። ስለ ደብተሩ። መንገድ ላይ ስለመከተሌ፣ አላወቀችም ነበር። በሲስተሯ ጆሮ ስላልኩት። ለምን እንደፈራሁም። እኔ በዐሥራ ስምንት ዓመቴ... ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። የሚበቃትን ያህል።

ካልሲ ይዛ ቆየች። "አባዬ ያውቃል?"

"አሁን ያውቃል።"

"ተቆጣ?"

"እኔ እንጃ። ምሳውን አካፈለኝ።"

ካልሲውን ከጥንዱ ጋር ጠቅልላ ወረወረችብኝ። ይቅርታ ማለት ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም።

ሰኔ 8

ክትትል ነበረኝ። ድኗል፣ ጸድቷል አለች ሐኪሟ። አንድ ዓመት እየተመላለስኩ እታያለሁ፣ ከዚያ ቀጠሮው እየራቀ ይሄዳል።

አባቷ ሥራ ስለነበረው ድምቡሼ ነች አብራኝ የመጣችው። ፈተናዋን ጨርሳለች፣ ውጤት እየጠበቀች ነው፣ ፊቷ ትንሽ ሞልቷል። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ እየጠበቅን ነበር። ዝናብ ያካፋል። ጃንጥላው አንድ ነው፣ እሷ ነች የያዘችው።

"እማ" አለች ወደ መንገዱ እያየች። "አንድ ልጅ አለ።"

ማን? የት? ከመቼ? የማን ልጅ? ስንት ዓመቱ? ቤቱ የት ነው? ፎቶው ላይ አለ? ሁሉም አንድ ላይ ምላሴ ላይ መጣ። አሥራ አራት ዓመት የሠለጠንኩበት ነገር ሁሉ።

ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለችው። ትከሻዋ ረጠበ። ወደ እሷ መለስኩት።

"ደግ ነው?" አልኳት።

ጥያቄው አስገረማት። አሰበችበት። "እኔ እንጃ እማ። ገና እያየሁት ነው።"

"በደንብ እዪው" አልኩ። "ስትፈልጊ ደግሞ ንገሪኝ።"

አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ቦታ ነበር ባዶ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከፊት ያለው ላይ እኔን አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄደች። ዞሬ አላየኋትም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እስክንወርድ ድረስ ውጪ ውጪውን ሳይ መጣሁ።